«ገራገሯን ልጄን ዐረብ አገር ወሰደብኝ»

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። 24 ዓመቴ ነው። በ2011 ሳዑዲ ሄድኩ። ያኔ 17 ዓመቴ ነበር፤ ደላላው ፓስፖርቴ ላይ 23 አስባለው። ሪያድ ውስጥ 6 ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ተመለስኩ። ለቤተሰቤ ቆርቆሮ ቤት ሠርቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። በመሀል፣ ጥቅምት 2014 ላይ፣ ጦርነቱ እኛ አገር ሲደርስ ስልክ ተቋርጦ ከወር በላይ ድምፃቸውን አልሰማሁም። መስመሩ ሲመለስ እናቴ «ደህና ነን» አለችኝ። እኔም «ደህና ነኝ» አልኳት።

ችግሬ እኔው ነኝ። ድሮ ሳቂታ ነበርኩ። ሱቅ ተልኬ መልስ ሳልቆጥር ነበር የምመጣው። አሁን ብር ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ። ስተኛ በሬን ቆልፌ ቁልፉን ትራስ ሥር አደርጋለሁ። ቁጭ ብዬ መብላት ረስቻለሁ፤ ቆሜ ነው የምጎርሰው። ሰው ሲያመሰግነኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። በቀደም እናቴ ለጎረቤት «ገራገሯን ልጄን ዐረብ አገር ወሰደብኝ፤ ይቺን አላውቃትም» ስትል ሰማኋት። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። 10ኛ ክፍል የሚማረው ወንድሜ ደግሞ ጓደኞቹ በባቲ በኩል ሊወጡ ነውና «እኔም ልሂድ» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ስጮኽበት ያኮርፋል። እትዬ፣ ያቺን ልጅ መመለስ ይቻላል? ወይስ ክፉ ሰው ሆኜ ቀረሁ?

ከተሁለደሬ

መልስ፦

ልጄ፣ ክፉ ሰው አልሆንሽም። ክፉ ሰው እናቱ ባለችው ነገር ሌሊቱን ሲያለቅስ አያድርም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቀጥሎ ትንሽ ስለ ራሴ ላውራሽ፤ ምክንያት አለኝ።

ያደግኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። በ1977 የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የዚያ ዓመት ነገር ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው የኮረምንና የባቲን መጠለያ ነው። እኛ መጠለያ አልገባንም። ቤት ነበረን። ረሀቡ ግን ከተማም ገብቶ ነበር፤ በእህል ዋጋ በኩል ነው የገባው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጥ ነበር። አራት ልጆች ነን። ማታ ማታ ትሪውን ታቀርብልንና «እኔ ቅድም ቀምሻለሁ» ትለናለች። አምናት ነበር። እንዲያውም ለጓደኞቼ «የኛ እናት ወጥ አትወድም» እያልኩ አወራ ነበር።

አንድ ሌሊት ውሃ ጠምቶኝ ተነሣሁ። ማጀት ውስጥ ኩራዝ በርቷል። እናቴ ሞሰቡ ሥር የቀረውን ፍርፋሪ በመዳፏ እየሰበሰበች ትቅማለች። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ኩራዙን እፍ ብላ አጠፋችው።

በማግስቱ ማታ እሷ «ቀምሻለሁ» ስትል እኔም ግማሹን ትቼ «ጠግቤያለሁ» አልኩ። በሕይወቴ መጀመሪያ የዋሸሁት ያን ቀን ነው። እናቴ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ የተረፈውን አነሣችና ለታናሼ ሰጠችው።

እንዳንቺ እኔም ተቀየርኩ። እንጀራ ገዝታ «ነገ እከፍላለሁ» የምትል ሴት ስትመጣ ስሟን በከሰል ግድግዳ ላይ የምጽፈው እኔ ሆንኩ። በ8 ዓመቴ! ጎረቤት «ይቺስ ሳታድግ አረጀች» ይለኝ ነበር። በዚያው ዓመት የክፍሌ ልጅ ከቤተሰቧ ጋር በሰፈራ ወደ መተከል ሄደች። «እዚያ ማንጎ እንደ ልብ ነው አሉ፤ እልክልሻለሁ» አለችኝ። እሷ ከልቧ አምናለች። እኔ ግን የትልቅ ሰው ነገር ማመን ትቼ ነበር። «እሺ» እንኳን ሳልላት ተለያየን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የልጅነት የዋህነቴ የራሴ ጠባይ ይመስለኝ ነበር። ለካ እናቴ ጦሟን እያደረች ያቆየችልኝ ነው። ያንቺም እንደዚያ ይመስለኛል። መልስ ሳትቆጥሪ ከሱቅ የምትመለሺው፣ ባለሱቁ ቤተሰብሽን ስለሚያውቅ፣ ቢያታልልሽ ሰፈሩ ስለሚሰማ ነው። ሪያድ ያ ሰፈር የለም። በ17 ዓመትሽ ያ ሁሉ ጥላ ባንዴ ከላይሽ ተነሣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ አንቺ ስትሄጂ ይሠራበት የነበረው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዕድሜው 18 ያልሞላን ልጅ መመልመል ይከለክል ነበር። ደላላው ፓስፖርትሽ ላይ 6 ዓመት የጨመረው ሕጉን ስለሚያውቅ ነው። አንቺ አላጠፋሽም። ይህን ደጋግመሽ ለራስሽ ንገሪው።

ብር መቁጠርሽን ተዪው አልልሽም፤ ቁጠሪ። ቆሞ መብላቱ ግን ቢቀርልሽ ደስ ይለኛል። ለብቻሽ አትብዪ፤ ከእናትሽ ጋር ከአንድ ትሪ ብዪ። አጠገብሽ ሰው ተቀምጦ ሲጎርስ እግርሽም ቀስ በቀስ ይታጠፋል። እንቅልፍ አልወስድ ካለሽ፣ ወይም ሌሊት እየባነንሽ ከሆነ ሆስፒታል ሄደሽ አነጋግሪ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽ ላይ በእስክሪብቶ ያሰመርኩት የስልኩን ነገር ነው። «ደህና ነን» አለችሽ፣ «ደህና ነኝ» አልሻት። ያ ወር ለእናትሽ ምን ይመስል ነበር? የት ተሸሸጉ? ምን በሉ? ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? አንቺስ ለምን ቆመሽ እንደምትበዪ ነግረሻታል? አልነገርሻትም ብዬ እገምታለሁ። እሷ የሸኘችው የ17 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ 6 ዓመት በስልክ የምትሰማት ልጅ ሁሌም ደህና ናት። እንግዲህ በሩን ከፍታ የገባችው ሴት ከየት መጣች? እናትሽ «አላውቃትም» ስትል እውነቷን ነው። መሀሉን የነገራት የለም።

እኔና እናቴ ስለዚያች ሌሊት ሳናወራ 20 ዓመት ኖርን። ባወራንበት ቀን እሷ «ያየሽኝ አይመስለኝም ነበር» አለች። ዓይን ለዓይን ተያይተን! ሁለታችንም አለቀስን። 20 ዓመት ማቆየት አልነበረብንም።

እና አንድ ቀን ከሰዓት አንቺው ቡና አፍዪላት። ጎረቤት አትጥሪ። እኛ ወሎዎች ጎረቤት ያልተጠራበት ቡና ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለአንድ ቀን ይቅር ይበሉን። በአቦሉ አንቺ ስለ ራስሽ አትናገሪ። ስለ 2014 ጠይቂያት፣ አዳምጫት። ቶናው ላይ ለምን ቆመሽ እንደምትበዪ ንገሪያት። እሱን ብቻ። የቀረውን ሌላ ቀን ታወሩታላችሁ፤ ሁሉንም ባንዴ ከዘረገፍሽው እሷም አትችለው፣ አንቺም አትችዪው።

የወንድምሽ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። በባቲ ወጥቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን የሚወስደውን መንገድ ልጆቹ እንደ አውቶቡስ ጉዞ ነው የሚያወሩት። ስንቱ በረሃ ላይ እንደቀረ፣ ስንቱን ባሕር እንደበላው የማያውቅ ቤት በወሎ የለም። እሱ ግን የሚያውቃት ሳዑዲ አንቺ የላክሽለት ናት፦ ቆርቆሮው፣ ስልኩ፣ ለብሰሽ የተነሣሽው ፎቶ። ስትጮኺበት ያንን የከለከልሽው ይመስለዋል። አልፈርድበትም፤ ሌላ ነገር ማን ነግሮት?

እኔ የእናቴን እውነት ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ለወንድምሽ ግን አጋጣሚው ባሕር ላይ እንዲደርስበት አትጠብቂ። የእሱ የዋህነት ከቤታችሁ ሲወጣ የሚጠብቀው የለም። አትጩኺበት። አስቀምጪውና በለሰለሰ ድምፅ ንገሪው። ሌሊት በሩን ከውጭ የሚቆልፍብሽ ሰው እንደነበረ ቁልፉን ትራስ ሥር ከማድረግሽ ገምቻለሁ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ከዚያ ጀምሪለት። ቁልፉን አውጪና መዳፉ ላይ አስቀምጪለት፤ ለምን አብሮሽ እንደሚያድር ይስማ።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ልጆቹ በገበያተኛው መሀል ተቀላቅለው ለመውጣት አይከብዳቸውም። ይህ መጽሔት በዕለተ ቅዳሜ እጅሽ ከገባ፣ እሑድን አታሳልፊ።