93 ሳይቴሽን ስንት ነው?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለመምህርነት ያመለከቱ አንዲት ተመራማሪ ክትባት ላይ ስለሚታይ ማመንታት 7 ጽሑፎች አሳትመዋል። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ ሳይቴሽናቸው (ሌሎች ጽሑፎች የጠቀሷቸው ብዛት) 48፣ 21፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3 እና 1፣ በድምሩ 93 ነው። አንዱ የኮሚቴ አባል «ይህ ብዙ ነው» ሲሉ፣ ሌላው «የኮቪድ ወቅት ግርግር ያመጣው ነው» አሉ። እንዴት እንመዝነው? (ከሐረር)

መልስ፦ ሒሳቡን እናስቀድም። ኤች-ኢንዴክስ፣ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መለኪያ፣ ጽሑፎቹን ከብዙ ተጠቃሹ ጀምሮ ደርድሮ ተራ ቁጥሩ ከሳይቴሽኑ ሳይበልጥ የሚደርስበትን የመጨረሻ ቦታ ይይዛል። 5ኛው ጽሑፍ 5 አለው፣ 6ኛው ግን 3 ብቻ ስለሆነ ኢንዴክሱ 5 ነው። ከ93ቱ 48ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ፣ የአንድ ጽሑፍ ነው። እሱን ሳይከፍቱ ስለ ድምሩ መከራከር ትርፍ የለውም።

ጽሑፉን ስኮላር ላይ ሲጫኑት በየዓመቱ የተጠቀሰበት መጠን በግራፍ ይወጣል። በኢትዮጵያ የኮቪድ ክትባት የተጀመረው በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን «ክትባቱ ቢመጣ ትወስዳለህ?» ብለው ተማሪና ጤና ባለሙያ የጠየቁ ጥናቶች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። ግራፉ 2022 ላይ ጫፍ ደርሶ ወዲያው ከወደቀ ሁለተኛው አባል ልክ ናቸው። እየቀነሰም ቢሆን በየዓመቱ ከቀጠለ ግን ጽሑፉ ከወረርሽኙ በኋላም የሚፈለግ ነገር ይዟል ማለት ነው።

ቀጥሎ ከጠቀሱት ጽሑፎች 15 ወይም 20 ያህሉን ከፍተው ስሟ የተጠራበትን ቦታ ይፈልጉ። የጥናቶች ቅኝት አድራጊዎች ያገኙትን ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሚደረድሩ፣ በዚያ መንገድ የመጣ ሳይቴሽን የሚናገረው ጽሑፉ መኖሩን ብቻ ነው። መጠይቋን ወስዶ የተጠቀመባት ወይም ግኝቷን የተከራከረ አንድ ጽሑፍ፣ በእኛ ሚዛን፣ ከአሥሩ የሠንጠረዥ መስመር ይበልጣል። መጠቀስ ደግሞ መመስገን አይደለም፦ በ1998 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል ያወጣው፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የዌክፊልድ ጽሑፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ተሰርዟል፤ እስከ ዛሬ ግን በብዛት ይጠቀሳል፣ ለመኮነን።

ከቁጥሩ የሚበልጠው ጥያቄ የተለካው በእርግጥ ማመንታት ነው ወይ የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን በ2014 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ በ2015 «ቫክሲን» ጆርናል ላይ የወጣው ትርጓሜ ማመንታትን አገልግሎቱ እያለ ክትባትን ማዘግየት ወይም አለመቀበል ይለዋል። ሞተር ሳይክል እንኳ የማይገባበት የሐረርጌ ገጠር ቀበሌ ነዋሪ የሆነች እናት፣ ከጤና ኬላው ሁለቴ «ክትባት አልቋል» ተብላ ከተመለሰች አላመነታችም። ይህችን እናት «አመንቺ» ብሎ የቆጠረ ጽሑፍ፣ 48 ጊዜ ቢጠቀስም፣ መሠረቱ የላላ ነው። መጠይቁ መተማመንን፣ ቸልታንና የአገልግሎቱን ቅርበት ለይቶ ይጠይቃል? መልሱን ከክትባት ካርድ ጋር አመሳክሯል ወይስ «እወስዳለሁ» የሚል ቃል ብቻ ነው? የጽሑፉን የዘዴ ክፍል አንብቡ፤ ሁለት ገጽ ነው፣ አያደክምም።

የደራሲዎቹንም ቁጥር እዩ። የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች አሏቸው፤ የአንዱ ሳይቴሽን ብቻውን የአንድን ሰው ድምር ሊያስፈነጥር ይችላል። አመልካቿ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ደራሲ የሆኑባቸውን ለይታችሁ ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ስኮላር ላይ ኤች-ኢንዴክሴ 3 ይላል፣ እኔ ስቆጥር 5 ነው። ስኮፐስ የተባለው የጥናት ጽሑፎች ቋት ላይማ ሦስት ቦታ ተከፋፍያለሁ። (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ስምዎ ነው። የውጭ ጆርናሎች ቅጽ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም ይሞላል። «መሐመድ» ደግሞ በላቲን ፊደል በኦ ወይም በኡ፣ በአንድ ወይም በሁለት ኤም ይጻፋል። ከላይ ያሉት 7 ጽሑፎች 48፣ 9፣ 5፣ 1 በአንድ ስም፣ 21፣ 6፣ 3 በሌላ ስም ቢገቡ ኢንዴክሱ 5 መሆኑ ቀርቶ 3 እና 3 ይሆናል።

መጀመሪያ አንድ አጻጻፍ ይምረጡና ከእንግዲህ አይለውጡ። ከዚያ ለተመራማሪዎች መለያ ቁጥር የሚሰጠው ኦርኪድ (ORCID) ላይ በነፃ ተመዝግበው ባለ 16 አሃዝ መለያ ይውሰዱ፤ የቀድሞ አጻጻፎችዎን «በሌላ ስም» በሚለው ቦታ ያስገቡ። ስኮላር ላይ የቀሩትን ጽሑፎች በርዕሳቸው ፈልገው ይጨምሩ፣ ሁለቴ የገባውን ምልክት አድርገው ያዋህዱ። ጽሑፍ በራሱ እንዲጨመር የሚፈቅደውን ምርጫ ያጥፉና በኢሜይል እንዲጠይቅዎ ያድርጉ፤ አለበለዚያ የስም ሞክሼዎ የልብ ቀዶ ሕክምና ጽሑፍ እርስዎ ገጽ ላይ ይገኛል። ስኮፐስ የተከፋፈሉ መገለጫዎችን እንዲያዋህድ የሚጠየቅበት የደራሲዎች ቅጽ አለው።

ጥያቄ፦ ሲቪ ላይ የቱን ልጻፍ፣ የስኮላሩን ወይስ የስኮፐሱን? (ከሐረር)

መልስ፦ ሁለቱንም፣ ምንጩንና ያዩበትን ቀን አስከትለው። ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ገና ያልተገመገሙ ረቂቆችን ጭምር ስለሚቆጥር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ከአንዱ ሳይቴሽን፣ ከሌላው ኤች-ኢንዴክስ እየመረጡ ማቀላቀል ግን ኮሚቴው ሲያጣራ ወዲያው ይታያል።