«ከማን ሰማኸው?»

ልጆቼ፣

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬም ፒያሳ ሻይ ልጠጣ ስቀመጥ ተማሪ አያጣኝም። «ጋሼ፣ ፕሮጀክት ተሰጥቶን ነበር...» ይለኛል። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ነገ ነው የሚገባው።»

ይህን የምጽፈው ነገ ለሚያስገቡት አይደለም። ለእነሱ እግዜር ይሁናቸው። ገና ሁለት ሳምንት ለቀራቸው ነው፤ ለፕሮጀክታቸው ምንጭ እንዴት እንደሚፈለግና እንደሚጣራ ልነግራቸው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ገደማ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ትልቅ ካርቶን ለጠፍኩ። በቀይ ቀለም፣ በደማቁ፣ «ጎንደር በዐፄ ፋሲል በ1636 ዓ.ም. ተቆረቆረች» ይላል። ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው የገለበጥኩት። ኮርቼበት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የግቢው ዘበኛ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አነበቡት። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን ከማን ሰማኸው?»

«ከመጽሐፍ ነው፣ አባባ።»

«መጽሐፉን ማን ጻፈው?»

«ፈረንጅ።»

«እንግዲያማ ዓመቱም የፈረንጅ ነዋ!»

እውነታቸውን ነው። 1636 የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ 1628 ዓ.ም. ይሆናል። ካርቶኑን በዚያው ቀን አነሳሁት፤ ግን ከወር በላይ ተለጥፎ ነበር። ስንቱ ደብተር ላይ እንደገባ ፈጣሪ ይወቀው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት «1636 ዓ.ም.» የሚል የተማሪ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ምናልባት የእኔው ዘር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ዓመተ ምሕረት ስታዩ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳታጣሩ አትጻፉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። ሁለት መጻሕፍት ተጣሉ ብላችሁ ስትጨነቁ፣ ብዙ ጊዜ የተጣሉት መጻሕፍቱ አይደሉም፤ ካላንደሮቹ ናቸው።

አሁን ወደ ፕሮጀክቱ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ መጥታ «ስለ ጎንደር ታሪክ መጽሐፍ ይስጡኝ» አለችኝ። መደርደሪያ ሙሉ ብሰጣት አንዱንም አታነበውም። «ስለ ጎንደር ምን ይገርምሻል?» አልኳት። ዝም አለች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም መሰለኝ። ቆይታ፣ አፈር እያለች፣ «በጥምቀት ፋሲል መዋኛ የሚሞላው ውኃ ከየት ነው የሚመጣው?» አለች።

ይኼ ርእስ ነው! መጽሐፍ ላይ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይገባል የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ታገኛለች። ግን ቦዩ በየት በኩል ያልፋል? ማን ይከፍተዋል? ለመሙላት ስንት ቀን ይፈጃል? ክረምቱ ያነሰ ዓመትስ? ይኼኔ ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች። ምንጭ የሚገኘው ጥያቄው ሲጠብብ ነው። «ስለ ወባ» ብላችሁ ጉግል ብታደርጉ ባሕር ውስጥ ትገባላችሁ። «ደምቢያ ላይ ወባ ለምን ይበረታል?» ብትሉ ግን መሬቱን፣ ዝናቡን፣ ጣናን እያላችሁ ትሄዳላችሁ። በነገራችን ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ነው የጀመረው። በጤና ጉዳይ እዚያ የተሠራ ጥናት እንግዲህ ደጃችሁ ላይ ነው። ጉግል ስኮላር በሚባለው የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም ከርእሳችሁ ጋር ጻፉና እዩ።

በአማርኛ ስትፈልጉ ደግሞ አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። ፊደላችን ሀብታም ነው፤ ለፍለጋ ግን ያስቸግራል። አንዱ «ዐፄ» ይላል፣ አንዱ «አፄ»፣ ሌላው «አጼ»። ፋሲልን «ፋሲለደስ» የሚል አለ፣ «ፋሲለዳስ» የሚልም አለ። ለእናንተ አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ሊሆኑበት ይችላሉ። አንዱን ጽፋችሁ «ምንም የለም» ብላችሁ አትመለሱ። በሁሉም ሞክሩ። በእንግሊዝኛም ያው ነው። ጎንደርን ከመጨረሻው «አር» በፊት በ«ኤ» የሚጽፍ አለ፣ በ«ኢ» የሚጽፍም አለ። አንድ ልጅ በዚህች ፊደል ብቻ ግማሽ ቀን ሲባክን አይቻለሁ። ፊደሏን ቀየርንለት፤ የሚፈልገው ጽሑፍ ሦስተኛው መስመር ላይ ወጣ።

ዊኪፔዲያን «አትንኩ» የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ ንኩ ባይ ነኝ። ግን እዚያ አትቁሙ። ወደ ታች ውረዱ፤ ጽሑፉ ከየት እንደተወሰደ ግርጌው ላይ ተዘርዝሯል። ፍለጋው የሚጀመረው እዚያ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ፣ መቼም ሲጠፋ እናውቀዋለን፣ ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ዊኪፔዲያን አንዴ ካወረደ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር ላይ እንዲጫን ጠይቁ።

ቻትጂፒቲም አለ። አልጠላውም። የከበደኝን የእንግሊዝኛ አንቀጽ እሱ ነው የሚያቀልልኝ። ግን አምስት ማጣቀሻ አምጣ ስትሉት አንዳንዴ ኖረም አልኖረም አምስት ያመጣል። አንዱ ጎረምሳ እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዞ መጣ። ደራሲ አለ፣ ዓመት አለ፣ ገጽ ሳይቀር አለ። ያምራል። ርእሶቹን አንድ በአንድ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እያስገባን ፈለግን። ሦስቱ ከነአካቴው የሉም። አራተኛው አለ፣ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። አምስተኛው ብቻ ተገኘ፤ እሱም ስለ ሌላ አገር ነው። «ከማን ሰማኸው?» አልኩት እንደ ዘበኛው። ልጁ ስልኩን አሳየኝ። ሳቅን። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ሽፋን የሌለው ፒዲኤፍም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ማን እንደጻፈው ካልታወቀ ምኑን ትጠቅሱታላችሁ? አንዱ ቡድን ከአንዱ ገልብጦ፣ ያም ከሌላው፣ ስድስት ቡድን አንድ ዓይነት ስሕተት ይዞ ሲገባ አይቻለሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

የጻፈው ሰው ታወቀ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። ቤተ መንግሥቱን በዓይኑ አይቷል። አምስት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል፤ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል የድሮ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ታላቅ ምንጭ ነው። ነገር ግን ያሳተመው በ1790 ነው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ። ደግሞ የዓባይን ምንጭ በማየት ከአውሮፓውያን የመጀመሪያው እኔ ነኝ ይላል። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የስፔን ቄስ ግን በ1618 እ.ኤ.አ. አይቶት ነበር። ታዲያ ብሩስን እንጣለው? የለም። «እንዲህ ነው» ማለቱን ትታችሁ «ብሩስ እንዲህ ይላል» በሉ። አጠገቡም ሌላ ሰው አቁሙ።

ስለ ቁጥር ባጭሩ። የጎንደርን ሕዝብ ብዛት የምትጽፉ ልጆች በየዓመቱ የተለያየ ቁጥር ታመጣላችሁ። ቤት ለቤት የተቆጠረው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ከተማው 207,044 ሰው ነበረው። ከዚያ ወዲህ የምታዩት ሁሉ ግምት ነው። ግምት መጻፍ ነውር የለውም። ግምት መሆኑን ግን ጻፉ።

ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ደግሞ አትፈሩ። እኛ እዚያ የምንቀመጠው እንድትጠይቁን ነው። መጻሕፍት በየርእሳቸው በሚደረደሩበት የዲዊ ቁጥር የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። አንድ መጽሐፍ ካገኛችሁ ይዛችሁት አትሩጡ፤ ግራና ቀኙን ተመልከቱ፤ ዘመዶቹ ጎኑ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ልትሄዱ ካሰባችሁ ከትምህርት ቤት የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ባዶ እጅ ሄዶ በር ላይ መመለስ ሞራል ይሰብራል።

ሰውም ምንጭ ነው። ይኼን የምለው ጎንደር ላይ ሆኜ ነው። እዚህ አገር የአብነት ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማርክ?» ተብሎ ነው። ሰው ስትጠይቁ ግን አንድ ሰው አይበቃም። እኔ አንድ ጊዜ አርባ አራቱን ታቦት ቁጠሩልኝ ብዬ ሁለት አዛውንት ለየብቻ ጠየቅሁ። ሁለቱም ሳይቸገሩ ቆጠሩ። ሁለቱም አርባ አራት ሞላላቸው። ዝርዝሩ ግን አልገጠመም። እኔም የቱ ልክ ነው ብዬ አልፈረድኩም። ሁለቱንም ጻፍኩ፤ የማን የማን እንደሆነ ለይቼ።

ያቺ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ምን አደረገች መሰላችሁ? ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ወረደች። ቦዩን ተከትላ ሄደች፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆነ። አቅራቢያው የሚኖሩ አንድ አዛውንት አግኝታ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። ሰኞ መጥታ «ጋሼ፣ እሳቸውን ማጣቀሻው ላይ እንዴት ነው የምጽፋቸው?» አለችኝ። ስማቸውን፣ ሥራቸውን፣ የተነጋገራችሁበትን ቦታና ቀን ጻፊ፤ ፈቃዳቸውንም ጠይቂ አልኳት። እንደዚያው አደረገች።

ሥራው ታርሞ ሲመለስ መምህሩ ከአዛውንቱ ስም አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ምንጭ ነው?» ብሎበታል። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወረቀቱን አሳየችኝ።

«ጥያቄ ምልክት ነው እኮ ያደረገው» አልኳት። «የጠየቀሽን መልሺለት።»

ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች። የቦዩን ሥዕል የሣለችበትን ገጽ ገለጠችና ወደ መምህራን ማረፊያው ሄደች።