ስለ ተማሪ ትራፊክ ለጠየቃችሁኝ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የትራፊክ ክበቡን፣ ማለትም ሌሎች ተማሪዎችን መንገድ የሚያሻግሩትን ልጆች፣ የምይዘው እኔ ነኝ። ለመስከረም ለመጀመር ያሰባችሁ ብዙ ጠይቃችሁኛል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የስንተኛ ክፍል ልጆች ይሁኑ?

መልስ፦ ከ6ኛ እስከ 8ኛ። ደረጃ የሚወጡትን ብቻ አትልቀሙ። የእኛ ምርጡ ልጅ ክፍል ውስጥ አርፎ መቀመጥ የማይችል ነው። መንገድ ዳር ግን ንቅንቅ አይልም።

ጥያቄ፦ መኪና የሚያስቆሙት በፊሽካ ነው?

መልስ፦ መኪና አያስቆሙም! እዚህ ላይ ችክ እላለሁ። ልጅ የሚያስቆመው ልጅን ነው። እኛም መጀመሪያ ተሳስተን ፊሽካ አድለን ነበር። አንድ ጠዋት ልጁ ነፋ፣ ሚኒባሱ ቆመ። ከኋላ አሸዋ የጫነ ሲኖ ትራክ ሚኒባሱን ቀድሞ ወጣ። ልጆቹ ዜብራው መሃል ነበሩ። ተመስገን፣ ማንም አልተነካም። የአንዷ የምሳ ዕቃ ግን አስፋልቱ ላይ ተዳምጦ ቀረ። ፊሽካውን የዚያኑ ቀን ሰበሰብኩ።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ደንግጦ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር ማለት ነው።

አሁን ልጁ ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይቆማል። እጆቹን ዘርግቶ ተማሪዎቹን ይይዛል። ግራ ቀኙን አይቶ መንገዱ ባዶ ሲሆን ብቻ ይለቃቸዋል። አጠገቡ ሁሌም አንድ መምህር አለ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ኮረኮንች ነው፣ ዜብራ የለም።

መልስ፦ የመቆሚያውን መስመር በኖራ አስምሩ። ዝናብ ስለሚያጥበው ሰኞ ሰኞ ድገሙት። ከኩርባና ከቆሙ ባጃጆች ራቁ፤ ሹፌሩ ልጆቹን ከሩቅ ማየት አለበት። ሲጓዙ ደግሞ ግራ ጠርዙን ይያዙ። እኛ አገር መኪና በቀኝ ስለሚነዳ የሚመጣውን ፊት ለፊት ያዩታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከትምህርቷ አትስተጓጎልም?

መልስ፦ አይ እህቴ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሰልፍ በፊት 20 ደቂቃ ነው። ፈተና ሲደርስ እኛ መምህራን እንተካለን። ወላጅ ሳይፈርም ደግሞ ማንንም አናስገባም።

ጥያቄ፦ ወጪውስ?

መልስ፦ አንጸባራቂ ሰደርያ ብቻ። ወመህን (የወላጅ መምህር ኅብረትን) ጠይቁ። 6 ከበቂ በላይ ነው፣ ተራ በተራ ይለብሱታል። ቤት ግን አይሂድ፤ ታናሽ ወንድም ኳስ ይጫወትበታል።

ጥያቄ፦ ሹፌር ቢሰድባቸውስ?

መልስ፦ አፍ አይካፈቱም። ታርጋውን ጽፈው ያመጡልኛል፣ እኔ ለትራፊክ ፖሊሱ እነግራለሁ። ደብተሩ ሽፋን ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር፣ 907፣ ተጽፏል። እስካሁን አልደወልንበትም። ታርጋ ግን ሞልቷል። አንዱማ የአባቱን ባጃጅ ጽፎ አምጥቶልኛል።