ከዱላው በፊት ኳሷን ተመልከቱ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ጎልፍ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ዱላ ነው፤ የትኛውን እንግዛ፣ የትኛው ያርቃል ይሉኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ዱላ የቀየረ ተስፋ ያለው ልጅ ነበረኝ። በሦስቱም ሲመታ ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄድበት ነበር። ኳሷ ጥፋቱን እየደጋገመች ብትነግረውም እሱ ግን ዐይኑን ከሱቁ መስኮት አላነሣም። ዕቃ ከንቱ ነው አልላችሁም። የጨዋታውን ታሪክ ብታውቁ ግን ጥያቄያችሁ ይለወጥ ነበር ብዬ ስለማምን ይህን እጽፍላችኋለሁ።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የጎልፍ ኳስ የምትሠራው የተቀቀለ የዝይ ላባ በትንሽ የቆዳ ከረጢት ውስጥ እየተጠቀጠቀ ነበር። ባርኔጣ የሚሞላ ላባ ለአንዲት ኳስ ያልቃል። ሠሪው በቀን የሚያወጣው ጥቂት ብቻ ስለሆነ ዋጋዋ ውድ ነው፤ ዝናብ ካራሳት ደግሞ ትበላሻለች። እ.ኤ.አ. በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራች ርካሽ ኳስ መጣች። በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ የዘመኑ ታላቅ ተጫዋችና የላባ ኳስ ሠሪ የነበረው አለን ሮበርትሰን መተዳደሪያውን የምታሳጣ መስላ ስለታየችው አጥብቆ ተቃወማት። አብሮት የሚሠራው ቶም ሞሪስ በአዲሲቱ ኳስ ሲጫወት ቢያገኘው ተጣሉ፤ ሞሪስም ጥሎት ሄደ። ይኸው ሞሪስ በኋላ ኦፕን የተባለውን የብሪታንያ ታላቅ የጎልፍ ውድድር አራት ጊዜ አሸንፏል። ሮበርትሰንም ቢሆን ውሎ አድሮ ኳሷን ተቀብሏታል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አዲሲቱ ኳስ ልሙጥ ስለነበረች ተመትታ ብዙም ሳትርቅ ትወድቅ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ተመትታ ተመትታ የተቧጨረችው አሮጌዋ ኳስ ከአዲሷ ይልቅ ቀጥ ብላ ትበርራለች። ስለዚህ ሠሪዎቹ አዲሶቹን ኳሶች ገና ከመሸጣቸው በፊት በመዶሻ ጠርዝ ይቧጭሯቸው ጀመር። ዛሬ በኪሳችሁ ይዛችኋት የምትዞሩት ኳስ ላይ ያሉት ትናንሽ ስርጉዶች የዚያ ግኝት ልጆች ናቸው። እነዚያ ሰዎች ቤተ ሙከራ አልነበራቸውም፤ የመቱትን ኳስ እስክታርፍ ድረስ በትዕግሥት ይመለከቱ ነበር። እናንተ ሃያ ኳስ በአምስት ደቂቃ ትጨርሱና የአንዷንም አካሄድ ብጠይቃችሁ አታስታውሱም።

የመጀመሪያዎቹ የጽሑፍ ሕጎች እ.ኤ.አ. በ1744 በኤዲንብራ አቅራቢያ በሊዝ ወጡ፤ 13 ብቻ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ኳሱ የጠፋበት ሰው ወደ መታበት ቦታ ተመልሶ ሌላ ኳስ ይጣል፤ ለደረሰበት መጥፎ ዕድልም ለተጋጣሚው አንድ ምት ይስጥ ይላል። በጎልፍ የሚያሸንፈው በጥቂት ምት የጨረሰ ነውና ይህ ቅጣት ነው። ጥፋቱ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ይህ የሚያናድደው ተማሪ ብዙ ነው፤ እኔም በወጣትነቴ አናዶኛል። አሁን ግን ከሕጎቹ ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ሰበብ ፍለጋን ገና ከጅምሩ ይዘጋል።

ይህን በሕይወቱ የተማረ ሰው አውቃለሁ ብል አሜሪካዊውን የጎልፍ ተጫዋች ቦቢ ጆንስን ነው የምጠራው። እ.ኤ.አ. በ1921 በሴንት አንድሩስ ኦፕን ሲጫወት የ19 ዓመት ወጣት ነበር። በሦስተኛው ዙር ውጤቱ ከተበላሸ በኋላ ኳሱ 11ኛው ጉድጓድ አጠገብ ባለው፣ ባንከር በሚባለው የአሸዋ ወጥመድ ውስጥ ገባ፤ ማውጣት ቢያቅተው ተናዶ ኳሱን አነሣና ከውድድሩ ራሱን አወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ኦፕን፣ ረጅም ሣር ውስጥ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ ተነቃነቀች። ማንም አላየም። ዳኞቹ እርግጠኛ መሆኑን ጠየቁት፤ እሱ ግን በራሱ ላይ የቅጣት ምት አስቆጠረ። በመጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጥቶ በመለያው ተሸነፈ። ያቺ አንዲት ምት ባትቆጠርበት ኖሮ ዋንጫው የእሱ ነበር። ሰዎች ሲያመሰግኑት፣ ባንክ ስላልዘረፈ ሰውን እንደ ማመስገን ነው ብሎ እንደመለሰ ይነገራል።

በ1921 ከአሸዋው የሸሸውና በ1925 በራሱ ላይ የመሰከረው አንድ ሰው መሆኑን ልብ በሉልኝ። ክህሎቱማ በ19 ዓመቱም ነበረው። የጎደለው የሆነውን እንደሆነ መቀበል ነበር። እናንተም ስድስት መትታችሁ በውጤት ካርዱ ላይ አምስት ስትጽፉ የምታጡት ይህንኑ ነው፤ የት እንደምትሳሳቱ የሚነግራችሁን ብቸኛ ሰነድ በገዛ እጃችሁ ታበላሻላችሁ።

ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ሴንት አንድሩስ ሜዳ ተመልሶ ኦፕንን በስድስት ምት ልዩነት አሸነፈ። በ1958 የሴንት አንድሩስ ከተማ የክብር ዜግነት ሲሰጠው የአከርካሪ ሕመም ይዞት መራመድ እጅግ ይከብደው ነበር። በዚያ አዳራሽ ቆሞ፣ ከሕይወቴ በሴንት አንድሩስ ካየሁት በቀር ሌላው ሁሉ ቢወሰድ እንኳ ሕይወቴ የበለጸገና የተሟላ ይሆን ነበር አላቸው። የ11ኛው ጉድጓድ አሸዋም ካየው ውስጥ ነው።