የወገብ መርፌ ወይስ ሙሉ ሰመመን? ለአረጋዊት እናትሽ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። «እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሯል። ሙሉ ሰመመን የሽማግሌ አእምሮ ይጎዳል ስለተባልኩ በወገብ መርፌ ካልሆነ ብዬ ልሟገት ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከልጆች አፍ በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

በዚህ ላይ አትሟገቺ። እኛም ባለሙያዎቹ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው የወገብ መርፌ ለአእምሮ ይሻላል ብለን ስናምን ኖረናል፤ ታማሚው ስለማይተኛ ነገሩ አሳማኝ ይመስላል። በደንብ የተፈተነው ግን በቅርቡ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪጌይን የተባለ ጥናት ዳሌያቸው የተሰበረ፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 1600 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። በ60 ቀን ውስጥ የሞቱት ወይም ያለ ሰው ድጋፍ መራመድ ያቃታቸው በወገብ መርፌ 18.5 በመቶ፣ በሙሉ ሰመመን 18 በመቶ ሆኑ። አእምሯቸው የተደናገረባቸውም 20.5 እና 19.7 በመቶ ናቸው። «በወገብ መርፌም ቢሆን እኮ ማስተኛ ይጨመራል» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። በማግስቱ ዓመት ቻይና ውስጥ የተሠራው ራጋ የተባለው ጥናት ግን ከወገብ በታች ለደነዘዙት ምንም ማስተኛ አልሰጠም። በ950 አረጋውያን ላይ ተሠርቶ እዚያም ልዩነት አልታየም፤ የተደናገሩት ከወገብ በታች ከደነዘዙት 6.2፣ በሙሉ ሰመመን 5.1 በመቶ ናቸው።

ስለዚህ ምርጫው በእናትሽ ልብ፣ በሳንባቸውና በሚወስዱት ደም ማቅጠኛ ይወሰን፤ እሱን ለሰመመን ባለሙያው ተይለት። አንቺ ጉልበትሽን ሌላ ቦታ ላይ አውይው።

ልትፈሪው የሚገባው ዴሊሪየም የሚባለውን ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት ቀናት ድንገት የሚመጣ መደናገር ነው፤ ያሉበትን ይስታሉ፣ ሌሊትና ቀን ይምታታባቸዋል፣ ጠዋት ደህና ሆነው ማታ ይለወጣሉ። የሚጮኸውን ታማሚ ሁሉም ያየዋል። ጸጥ ብሎ የሚተኛው፣ ሲጠሩት ዓይኑን ገልጦ መልሶ የሚከድነው ግን «ደክሞት ነው» ተብሎ ይታለፋል። በአረጋውያን ላይ የሚበዛው ደግሞ ይኸኛው ነው። እናትሽ ድሮ እንዴት እንደሚናገሩ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ «እናቴ እንዲህ አይደለችም» ብለሽ ለነርሷ መናገር ትልቅ ሥራ ነው።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ከሰመመን በደንብ ነቅተው፣ ግፊታቸውም ኦክሲጅናቸውም ጥሩ ሆኖ ሳለ ክንዳቸው ላይ ያለውን ግሉኮስ ሊነቅሉ ይታገሉ ነበር። ጮክ ብለን ስናናግራቸው ይብስባቸዋል። ማስተኛ ይሰጣቸው ሲባል ልጃቸውን አስገባናት። የመስሚያ መሣሪያቸው ሲገቡ ወልቆ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ጆሯቸው ላይ አድርጋላቸው «አባዬ፣ ኦፕራሲዮኑ አለቀ» ስትላቸው እጃቸው ረገበ። መድኃኒት አላስፈለጋቸውም። እኔ አሁን መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ከታማሚው ጋር እስከ መንቂያው ክፍል ይሂድ ብዬ አጥብቄ እይዛለሁ። ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም፦ በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ 852 ተኝተው የሚታከሙ አረጋውያንን በያዘ ጥናት፣ ማየትና መስማትን ማገዝ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ማንቀሳቀስና ሌሊት እንቅልፍ ማስጠበቅ ዴሊሪየምን ከ15 ወደ 9.9 በመቶ አውርዶታል። እነዚያ ኦፕራሲዮን የሆኑ አልነበሩም፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ሕመሙን ጠይቂ። የተሰበረ ዳሌ ሳይታከም ሲያም ራሱ አእምሮ ያናውጣል፤ ለሕመሙ ሞርፊን ብቻ ማብዛትም እንዲሁ። ከታፋ በላይ ብሽሽት አካባቢ የሚሰጥ የነርቭ ማደንዘዣ አለ፤ ገና ኦፕራሲዮኑን ሲጠብቁ ሊሰጣቸው ይችላል። «ይህ ይቻላል ወይ?» በይ። እንደ ዳያዜፓም ያለ ማረጋጊያም በአረጋውያን ላይ መደናገርን ስለሚያመጣ ካልተገደዱ ባይሰጥ ይሻላል። እናትሽ ግን ቀድሞውንም የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ በድንገት ማቋረጡም አደጋ አለውና አትደብቂ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፈሽ ስጪ።

ጾሙንም ተከታተይ። ምግብ ኦፕራሲዮኑ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ ንጹህ ውኃ ግን፣ ሐኪሙ ለእሳቸው የተለየ ምክንያት ካላየ፣ ኦፕራሲዮኑ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጠብታ ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ከሰዓት የሚጠብቁ አሮጊቶች ማየት ያሳዝነኛል። ተራቸው ከተላለፈ «እስከ ስንት ሰዓት ውኃ ልስጣቸው?» ብለሽ እንደገና ጠይቂ።

ቀኑ አይራዘም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ሂፕ አታክ የተባለ ጥናት 2970 ታማሚዎችን ይዞ፣ ምርመራው ካለቀ በስድስት ሰዓት ገደማ የተሠራላቸውን በ24 ሰዓት ገደማ ከተሠራላቸው ጋር አነጻጽሯል። ሞት ላይ ያን ያህል ልዩነት አልተገኘም፤ ዴሊሪየም ግን ቶሎ በተሠራላቸው 9፣ በዘገየባቸው 12 በመቶ ሆነ።

ዴሊሪየም ብዙውን ጊዜ በቀናት ይለቃል። ከዚያ በኋላ የሚቆይ የማስታወስ መድከም ሌላ ነገር ነው፦ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ኦፕራሲዮን ከተደረጉት መካከል በሳምንቱ ከአራቱ አንዱ ላይ፣ በሦስት ወሩ 10 በመቶ ገደማ ላይ አግኝቶታል። አብዛኛው ይመለሳል ማለት ነው። ሦስት ወር አልፎም እናትሽ እንደ ቀድሟቸው ካልሆኑ «ሰመመኑ ነው» ብላችሁ ቤት አታስቀምጧቸው፤ ሐኪም ይያቸው፤ ከመውደቃቸው በፊት የጀመረ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል።