ጠዋት በርቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋው የጎማ መብራት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምነዳው ከአሜሪካ የገባ፣ በፈረንጆቹ 2010 የተሠራ ኮሮላ ነው። ሰሞኑን ጠዋት ከአራት ኪሎ ስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ መብራት ይበራል፤ ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ሜክሲኮ አካባቢ ይጠፋል። ጎሚስታው ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ሴንሰሩ ነው፣ ተይው» አለኝ። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው እህቴ! ሴንሰሩ (ጎማው ውስጥ ሆኖ ግፊቱን የሚለካው ዕቃ) የተበላሸ ቢሆን መብራቱ ሞተር ስታስነሺ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ይልና ከዚያ በርቶ ይቀር ነበር። ያንቺ መብራት ጎማው ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጎማው ነፋስ ጎድሎታል ማለት ነው።

አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ገደማ። ቀትር ላይ ያስሞላሽው ጎማ የኅዳርን ብርድ ደጅ ሲያድር ጠዋት 2 ወይም 3 ፒኤስአይ ጎድሎ ታገኚዋለሽ። ስትነጂው ይሞቅና መብራቱ ይጠፋል፤ ጉድለቱ ግን እዚያው አለ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መብራቱ የሚዘገይ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት መብራቱ እንዲበራ ግድ የሚለው ግፊቱ ከሚመከረው 25 በመቶ ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ የሾፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 32 ካለ፣ እስከ 24 ድረስ ዝም ሊል ይችላል። በ26 ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስትወርጂ ምንም አይነግርሽም። በዚያው ጎማ ሰው ጭነሽ ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ከወጣሽ ግን ጎኑ እየተጣጠፈ ከውስጥ ይግላል፣ እንዲህ ያለው ጎማ ነው በፍጥነት ላይ የሚፈነዳው። በእግር መምታት ይህን አያሳይም፤ 26 እና 32 ለዓይንም ለእግርም አንድ ናቸው።

የራስሽን መለኪያ ግዢ፣ ሶማሌ ተራ አታጪም። ጠዋት መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ አራቱንም ለኪ፣ ስኮርታውንም (መጠባበቂያ ጎማውንም) አትርሺ። ልኩ በሩ ላይ የተጻፈው ነው፤ ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ስለሆነ እሱን አትከተዪ። ቤት 27 ካነበብሽ 5 ጎድሏል፤ ጎሚስታው ጋ ስትደርሺ ጎማው ሞቆ 29 ቢያሳይ እንኳ 5 ጨምርልኝ በይው።

አንዱ ጎማ ብቻ ደጋግሞ ከጎደለ ግን ጥፋቱ የብርድ አይደለም። ሚስማር ይኖረዋል፣ ወይ ቫልቩ ያስተነፍሳል። የቫልቩን ክዳን ፈትተሽ ጣትሽን በምራቅ አርጥበሽ ቀዳዳው ላይ ቀቢው፣ አረፋ ከሠራ ቫልቩ ነው።

ጎማ ስታስፈቺ ደግሞ ጎሚስታው ብረቱን ከመክተቱ በፊት ሴንሰር እንዳለው ንገሪው። ከቫልቩ ሥር፣ ከቸርኬው ውስጥ ስለሚቀመጥ በአንድ ግፊት ይሰበራል፤ አዲስ ሲገጠምም ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በመሣሪያ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል።