ለምልምል ፖሊሶች ሰብአዊ መብት ማስተማር ይቻለኛል ወይ?

ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በሕግ ተመርቀሽ በመሠረታዊ የፖሊስ ሥልጠና የሰብአዊ መብት አሠልጣኝ ለመሆን ልትወዳደሪ አስበሻል። ምልምሎቹ «ይህ ለሌባ ጥብቅና መቆም ነው» ብለው እንዳይንቁሽ ፈርተሻል።

ተወዳደሪ። ፍርሃትሽ ግን ከንቱ አይደለም፤ ትምህርቱ እንደ ውዳሴ ከተነበነበ ይንቁታል። ከአያያዝ፣ ከፍተሻና ከምርመራ ልምምድ ጋር አብሮ መሰጠት አለበት።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ውሰጂ። የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዛል። በከተማሽ መጋላ ገበያ አንድ ጠዋት የቆመ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይሰማል። ስለዚህ ሁለት ምልምሎች አስነሺ፤ አንዱ ያዥ፣ ሌላው ሶማሊኛ ብቻ የሚያውቅ ተያዥ ይሁን። ያዡ ካቴናውን አጥልቆ ምክንያቱን በአማርኛ ሲናገር አስቁሚውና «አሁን ተነግሮታል?» ብለሽ ክፍሉን ጠይቂ። አንቀጹ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሰጠውን የ48 ሰዓት ገደብም በሰሌዳ ላይ አስቆጥሪያቸው፦ ዓርብ ማታ 2 ሰዓት የተያዘ ሰው እስከ መቼ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት? የመጓጓዣው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም፤ ቅዳሜና እሁድ ይቀነሱ የሚል ቃል ግን አንቀጹ ውስጥ የለም። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለውም ሲረዱ፣ ዱላው የደከሙበትን መዝገብ እንደሚያፈርስባቸው ይገባቸዋል።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ በስም መመሳሰል ታስሬ አድሬአለሁ። ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ሲቀበሉኝ ለምን እንደተያዝኩ የነገረኝ አልነበረም። ንጋት ላይ ተረኛ የሆነ ወጣት ፖሊስ መዝገቡን ገልጦ የአያቴን ስም ጠየቀኝ። አይመሳሰልም። ይቅርታ ጠይቆ ለቀቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያላገኘሁት ያ አንድ ጥያቄ ነበር። ምልምሎችሽ ያንን ጥያቄ ማታውኑ የሚጠይቁ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ።

እስከ ፈተናው ድረስ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቅበት ጉዳይ፣ የሚታይበት ችሎት ሁለት ሳምንት ተቀምጠሽ ዳኛው መርማሪውን ምን እንደሚጠይቀው በማስታወሻ ያዢ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውን የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብና ስለ ኃይልና ጦር መሣሪያ አጠቃቀም በ1990 የጸደቁትን መርሆዎች አንብቢ። ኦሮምኛሽ ደካማ መሆኑን ጽፈሻል፤ ከዛሬ ጀምረሽ አጠናክሪው። የ20 ደቂቃ የማሳያ ትምህርትም አዘጋጅተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።